ረሃብ የማን ምስጢር ነው?

(ይህ ጽሑፍ ለራዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ሲሆን ለንባብ እንዲመች ተደርጎ እዚህ ታትሟል)

  

የመንግሥትን ምስጢር አውጥቶ ለሕዝብ የሚናገር ሰው ከሃዲ ነው ወይስ ምስክር? ይህ ጥያቄ ዓለምን ሲያከራክር ኖሯል። በሰኔ 1963 ዓ.ም ዳንኤል ኤልስበርግ የተባለ አሜሪካዊ አገሩ በቬትናም ጦርነት ሕዝቧን እንዴት እንዳታለለች የሚያሳዩ የምስጢር ሰነዶችን ለጋዜጣ ሰጠ። መንግሥቱ ኅትመቱን ለማስቆም ቢከስም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለጋዜጦቹ ፈረደ። በ2002 ዓ.ም ደግሞ ዊኪሊክስ የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተር በባግዳድ ሲቪሎችን ሲገድል የሚያሳይ ፊልም ለዓለም አወጣ። መረጃውን ያወጣው የጦር ሠራዊት አባል ለዓመታት ታሰረ፤ የድርጅቱ መሥራች ጁሊያን አሳንጅም ከብዙ ዓመታት ስደትና እስር በኋላ ነፃ የወጣው በሰኔ 2016 ዓ.ም ነው።

እኛ ግን የዚህን ክርክር መልስ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። የአገራችን ታሪክ፣ በተለይም የወሎና የላስታ ታሪክ፣ በቂ ትምህርት አለው። እዚያ የተደበቀው ምስጢር የጦር ዕቅድ አልነበረም። የተደበቀው ረሃብ ነበር።

ሦስት መቶ ሁለት ቀን

ላስታ ከፍተኛ አገር ነው። ከላሊበላ በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ዛሬ መኪና የሚመላለስበት የወልዲያ፣ የጋሸናና የወረታ መንገድ ከመሠራቱ በፊት፣ የላስታ ገበሬ ወደ ቆላው አውራ ጎዳና ለመድረስ በእግርና በበቅሎ ቀናት መጓዝ ነበረበት። ጎብኚዎች ግን በበጋ በአውሮፕላን ላሊበላ ደርሰው፣ ዓለም የሚያደንቃቸውን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አይተው ይመለሱ ነበር። የዓለም ዓይን ዐለቱን እያየ ከዐለቱ ጀርባ ያለውን ጎጆ ሳያይ ኖረ።

በ1958 ዓ.ም በወሎ ዝናብ ጠፋ፤ ዋግና ላስታም ተጎዱ። ከሁሉ አስቀድሞ ችግሩን ለበላይ ያሳወቀው የወረ ኢሉ ፖሊስ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ረሃብ ባጠኑት ሥራ እንዳሳዩት፣ ይህ ወሬ አገር ግዛት ሚኒስቴር ከደረሰ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ 302 ቀን ፈጀበት።  ወሬው ሲደርስም የመጣው ትእዛዝ እህል ይላክ የሚል አልነበረም። የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ተጠናቅሮ ይቅረብ የሚል ነበር።

ውድ አድማጮቻችን፣ ብዙዎቻችን ከአባቶቻችን «ንጉሡ እኮ አልሰሙም፤ የደበቋቸው ሹማምንቱ ናቸው» ሲባል ሰምተናል። ይህ አነጋገር ለሹም መሸሻ ነው። በእስልምና ታሪክ ግን ይህ ምክንያት ገና ከጠዋቱ ተሽሯል።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ሌሊት ከመዲና ውጭ ሲዘዋወሩ ልጆቿ በረሃብ የሚያለቅሱባት አንዲት እናት አገኙ። ልጆቹ ምግብ የተጣደ መስሏቸው እንዲተኙ ድስት በውሃ ሞልታ ጥዳለች። እናቲቱ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ በእሷና በዑመር መካከል አላህ እንዲፈርድ ተናገረች። እሳቸውም፣ ዑመር የእናንተን ችግር በምን ያውቃል? አሏት። እሷም፣ ጉዳያችንን ተረክቦ ሳለ እንዴት ይዘነጋናል? ስትል መለሰች። ዑመር አልተቆጡም። ወደ ከተማ ተመልሰው ዱቄቱን በገዛ ትከሻቸው ተሸከሙ። አገልጋያቸው ልሸከምልዎ ቢላቸው፣ በቂያማ ቀን ሸክሜን ትሸከምልኛለህን? በማለት ከለከሉት። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ የረማዳ ዓመት በሚባለው ድርቅ ጊዜም ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤ አልቀምስም ብለው፣ ወደ ሻም ደብዳቤ ልከው እህል እንዳስመጡ ይዘገባል።

ከዚህ የምንረዳው ኃላፊነት የተሸከመ ሰው «አላውቅም ነበር» ማለቱ ከጥፋት እንደማያነጻው ነው። ማወቅ ራሱ የአማናው አንድ ክፍል ነውና።

ሁለት አሥረኛ ዓመቶች

በ1965 ዓ.ም ወሎን ሌላ ረሃብ መታው። ገና በዓመቱ መጀመሪያ ወራት ከወሎ የተሰደዱ ሰዎች አዲስ አበባ ደርሰው ነበር። ከዚያም ከሺህ በላይ የሆኑ ገበሬዎች ችግራቸውን ለመናገር ወደ ዋና ከተማዋ ቢመጡ ፖሊስ መለሳቸው። በሰሜኑ አውራ ጎዳና ላይ የተራቡ ሰዎች መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በድምቀት ተከበረ።

የዩኒቨርሲቲ መምህራን በሚያዝያ 1965 ወደ ወሎ ሄደው የረሃቡን ፎቶግራፍ አንስተው በግቢያቸው ለእይታ አቀረቡ። ተማሪዎች ተቃውሞ አሰሙ፤ መንግሥትም ተቃውሞውን በኃይል አፈነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ስለ ረሃቡ ዘገባ ሲያዘጋጅ፣ አንድ ባለሥልጣን እንዲህ ተብሎ ተጽፎ የሚመጣ እርዳታ ከሆነ ለመንግሥት ከሚያመጣው ኀፍረት አይበልጥምና ይቅርብን እስከ ማለት ደረሱ።

የሚያሳዝነው ግን ምስጢሩን የጠበቀው የራሳችን መንግሥት ብቻ አለመሆኑ ነው። ጃክ ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳጋለጠው፣ የአሜሪካ የእርዳታ ሰዎችና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ረሃቡን እያወቁ ዝም ብለዋል። ምክንያቱ ወዳጅ የሆነውን ንጉሣዊ መንግሥት ላለማስቀየም ነበር። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአገራችን ተረት በኒውዮርክና በዋሽንግተንም ይሠራ ነበር ማለት ነው። እዚያ ተቀምጠው ለዝም ያሉት ሰዎች እስከ ዛሬ የጠየቃቸው ፍርድ ቤት የለም።

ምስጢሩ የፈረሰው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም ነው። በዚያ ምሽት ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ ጋዜጠኛ በወሎ የቀረጸው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። የእንግሊዝ ሕዝብ ገንዘቡን አዋጣ፤ መንግሥታትም መነቃነቅ ጀመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት ከዚያ በኋላ፣ በኅዳር ወር ነበር። በዚያ ረሃብ ያለቀውን ሕዝብ ብዛት አጥኚዎች ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገምቱታል። ፊልሙ ላይ የታዩትም ቢሆኑ እስከ አውራ ጎዳናው ለመድረስ አቅም የነበራቸው ናቸው። ላስታ ተራራ ላይ ቤቱን ዘግቶ የቀረውን ካሜራ አላገኘውም።

ይህን ምስጢር እናወጣለን ብሎ የተነሳው ደርግ በተራው ምን አደረገ? በመጋቢት 1976 ዓ.ም የራሱ የእርዳታ ኮሚሽን 5 ሚሊዮን ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ግን የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደረሰና አዲስ አበባ በቅስትና በቀይ ባንዲራ ተሸለመች፤ የረሃቡ ነገር እንዳይነሳ ሆነ። ከላስታ፣ ከዋግና ከራያ የተሰደደው ሕዝብ ቆረም ላይ በብርድ እየሞተ ነበር። ምዕራባውያኑ ደርግ የሶቪየት ወዳጅ ነውና ጥሪውን በጥርጣሬ አዩት፤ ሶቪየት ኅብረትም ከእህሉ ይልቅ የላከው የጦር መሣሪያ ይበዛ ነበር። ልብ በሉ፤ ሁለቱም መንግሥታት ረሃብን የደበቁት አሥረኛ ዓመት እያከበሩ ነው።

በዚህ ጊዜ ምስጢሩን ካፈረሱት ሰዎች አንዱ ናይሮቢ የተወለደው ሙስሊም ወንድማችን ሙሐመድ አሚን ነው። ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ቆረም ደርሶ የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም ታየ፤ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ተቀባበሉት። በዓለም ታሪክ ከታዩት ትላልቅ የእርዳታ ዘመቻዎች አንዱ ከዚያ ተነሳ። ሙሐመድ አሚን በ1983 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ። በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን መሸከም ቀጠለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። አላህ ይዘንለት።

የምስጢሩ ባለቤት

አሁን ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ። አንዳንድ ወገኖች «ምስጢር አማና ነው፤ ያወጣ ሰው አማና በልቷል» ይላሉ። አነጋገሩ መሠረት አለው። ቁርኣን አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ ያዘናል (አን-ኒሳእ 4፡58)፤ የሰውን ገመና መሰለልንም ይከለክላል (አል-ሑጁራት 49፡12)። የባልንና ሚስትን ጉዳይ፣ የጎረቤትን ጉድለት፣ የሕዝብን ደኅንነት የሚጠብቅ የጦር ምስጢርን ማውጣት ነውርም ወንጀልም ነው።

ነገር ግን ያው ቁርኣን ምስክርነትን የደበቀ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ መሆኑን ይነግረናል (አል-በቀራህ 2፡283)። በራሳችንም፣ በወላጆቻችንም ላይ ቢሆን፣ ሀብታምም ሆነ ድኻ ሳንል ለፍትሕ እንድንቆም ያዘናል (አን-ኒሳእ 4፡135)። ታዲያ ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን? እኛ እንደሚመስለን መለያው የምስጢሩ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። የላስታ ሰው ረሃብ የሚኒስትሩ ንብረት አልነበረም። የአምባሳደሩም፣ የእርዳታ ድርጅቱም አልነበረም። የረሃቡ ባለቤት የተራበው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ይነገርልኝ እያለ መኪና ያስቆም ነበር። ስለዚህ አማና የበላው ፎቶውን ያሳየው መምህር ሳይሆን ዘገባውን መሳቢያ ውስጥ የቆለፈው ሹም ነው። ስለ ባግዳዱ ፊልም የምንለውም ይኸው ነው። የተገደለው ሰው ሞት የገዳዩ ምስጢር ሊሆን አይችልም።

ሆኖም ሁለት ነገር መጠንቀቅ ይገባናል። አንደኛ፣ እውነትም ለሌላ ዓላማ ሊቆረጥና ሊሰፋ ይችላል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ደርግ የዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀጣጥሎ በቴሌቪዥን አሳየ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ያሳየው ግን በአሥር ዓመቱ የራሱን ረሃብ ደበቀ። ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ የሚለው ትእዛዝ (አል-ሑጁራት 49፡6) ምስጢር አወጣሁ ለሚለውም ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ተጠያቂነት በቀል አይደለም። በ1966 ዓ.ም የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በረሃቡ ጉዳይ ባለሥልጣናትን እየመረመረ ሳለ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ወሎን ያስተዳድሩ የነበሩ ሹማምንት ከሌሎቹ ጋር ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ማን ምን ያውቅ ነበር? ማን ለማን ጻፈ? የውጭዎቹስ ምን ብለዋቸው ነበር? መልሱ ከእነሱ ጋር ተቀበረ። ያለ ፍርድ መግደልም ምስክርነትን መደበቅ ነው።

ለቤተሰቦቻችን

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም ማብቂያ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ ስልክና መብራት ለወራት ተቋርጦ፣ ዘመድ የዘመዱን ሞት ዘግይቶ ሰማ። መንገድ ቢሠራም፣ ስልክ ቢገባም፣ ወሬ አሁንም ሊታፈን እንደሚችል አየን።

ጎረቤቱ ተርቦ እሱ ጠግቦ የሚያድር ሰው አላመነም የሚለውን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት ሁላችንም እናውቃለን። ላስታ ውስጥ የሚበዛው ነዋሪ ክርስቲያን ነው፤ ወደ ራያና ወደ የጁ ሲወረድ ሙስሊሙ ይበዛል። ረሃቡ ግን ሳይመርጥ መታቸው፤ ጎረቤትነትም ሃይማኖት አይለይም። ልጆቻችንን ሐሰት አትናገሩ እንደምንላቸው ሁሉ ያዩትን በደል አትደብቁ ብለን እናስተምራቸው። በመሥሪያ ቤት የምንሠራ ዘገባ ስንጽፍ አለቃችን ደስ እንዲለው ቁጥር አንቀንስ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ወሎ ላይ በሽታውን ደባቂው ሌላ፣ ሟቹ ሌላ ሆነ እንጂ።

አላህ አማናን የሚወጡ፣ ለእውነት የሚመሰክሩ መሪዎችና ሕዝቦች ያድርገን። በረሃብ ያለቁ ወገኖቻችንንም ታሪክ የማንረሳ ያድርገን። አሚን።