ላዛሪስት፦ ከለምጻሞች ቤት የተወረሰ ስም

በኢትዮጵያና በኤርትራ ካቶሊካውያን ዘንድ «ላዛሪስት» እየተባለ የሚጠራው ማኅበር ሕጋዊ ስሙ ይህ አይደለም። ቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል በ1625 እ.ኤ.አ. ባላባቱ የጎንዲ ቤተሰብ በሰጠው 45,000 ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ) ፓሪስ ላይ ሲመሠርተው፣ ዓላማው በገጠር ላሉ ድሆች ወንጌል የሚሰብኩ ካህናትን ማሰባሰብ ስለነበር «የተልእኮ ማኅበር» ብሎታል።

የተለመደው ስም የመጣው ከመኖሪያው ነው። ማኅበሩ በ1632 ከፓሪስ ቅጥር ውጭ የሚገኘውን ሴንት ላዛርን ተረከበ፤ ይህም በመካከለኛው ዘመን ለምጻሞች ተለይተው የሚጠለሉበት ቤት ሲሆን፣ በርክክቡ ጊዜ ግን የሕመምተኞቹ ቍጥር እጅግ ተመናምኖ ነበር። የዘመኑ ክርስቲያኖች በሉቃስ ወንጌል የተጠቀሰውን ባለ ቍስል ድሀ አልዓዛርን ከሞት ከተነሣው የቢታንያው አልዓዛር ጋር እያደባለቁ የለምጻሞች ጠባቂ ስላደረጉት፣ ቤቱ በእርሱ ስም ተጠራ፤ ካህናቱም የቤቱን ስም ወረሱ። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች «ቪንሴንሺያን»፣ በስፔን ደግሞ «ፓውል» የሚባሉት በመሥራቹ ስም ነው።

«የመነኮሳት ሥርዓት» ብሎ መጥራትም ልማድ እንጂ ትክክል አይደለም፤ አባላቱ መሐላ ቢፈጽሙም፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አሌክሳንደር 7ኛ በ1655 ከዓለማውያን ካህናት፣ ማለትም ከገዳም ሥርዓት ውጭ ከሚያገለግሉ ካህናት ወገን መሆናቸውን ወስነዋል።

ሐምሌ 13 ቀን 1789 እ.ኤ.አ.፣ የፓሪሱ ምሽግ ባስቲል በፈረንሳይ አብዮት ከመውደቁ አንድ ቀን በፊት፣ እህል ፍለጋ የወጣ ሕዝብ ሴንት ላዛርን ዘረፈ፤ የተገኘውም እህል በጋሪ ተጭኖ ወደ ገበያ ተወሰደ። ቤቱ በአብዮቱ ዘመን እስር ቤት ቢሆንም፣ ስሙ ከካህናቱ አልተለየም።

ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ በ1839 የገባው የማኅበሩ ካህን ዩስቲኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ በአገሬው አጠራር አቡነ ያዕቆብ፣ የደቡብ ጣሊያን ተወላጅ ነበር። ይሁንና የማኅበሩ ዋና ቤት ያኔ ፓሪስ ስለነበር፣ «ላዛሪስት» የሚለው ስም ለኤርትራ ቅኝ ገዥዎች ለጣሊያኖች «ፈረንሳዊ» ከማለት አይለይም ነበርና፣ ባሕታ ሐጎስ በጣሊያን አገዛዝ ላይ ካመፀ በኋላ በ1895 ካህናቱ ከኤርትራ ተባረው ቦታቸውን ካፑቺኖች የተባሉ የጣሊያን ገዳማውያን ያዙት።