የአስቀሎና ጋኖችና የታሸገ አየር ምስጢር

ናቡከደነፆር ንጉሠ ባቢሎን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ604 ዓመት የአስቀሎናን ከተማ በእሳት ሲያጠፋ፣ ከፍርስራሹ በታች ተቀብረው ከቀሩት ሕንፃዎች አንዱ የፍልስጥኤማውያን የወይን መጭመቂያ ቤት ነበረ፤ ፕሮፌሰር ሎረንስ ስቴገር ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሩት ቁፋሮ ካልተተኮሰ ጭቃ የተድበለበሉ፣ አንድ አንድ ቀዳዳ ያላቸው ኳሶች በተገኙ ጊዜ፣ እኒያ ሊቅ የወይን ጋን ውታፎች ይሆናሉ ብለው ተረጐሟቸው።

ትርጓሜው እውነት ከሆነ፣ የቀዳዳው ጥበብ እጅግ ያስደንቃል፤ እርሾ በጋኑ ውስጥ ያለውን ጥቂት ኦክሲጅን ፈጥኖ ከጨረሰ በኋላ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለውጥ፣ ጋኑ ፈጽሞ ቢታተም ከውስጡ በሚወለደው አየር ግፊት ይሰነጠቃል፤ አፉ ክፍት ቢተው ደግሞ ኦክሲጅን ገብቶ ወይኑን ሆምጣጤ ያደርገዋል፤ ጠባቡ ቀዳዳ ግን የውስጡን አየር እያስወጣ የውጭውን ብዙ አያስገባምና፣ ሁለቱን ያመዛዝናል።

ይህ ሚዛን ምን ያህል ረቂቅ እንደ ሆነ የእኛ ዘመን ሊቃውንትም በመከራ ተምረውታል፤ በ1991 እ.ኤ.አ. 8 ሰዎች በአሪዞና ባዮስፌር 2 በተባለው የመስተዋት ቤት ለሙከራ በታሸጉ ጊዜ፣ በለም አፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቃን ፍጥረታት በመተንፈሳቸው ኦክሲጅኑ ከ20.9 ወደ 14.5 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ዕፅዋት ወደ ኦክሲጅን ሊመልሱት ይችሉ የነበረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም የሕንፃው ኮንክሪት ስለ ዋጠው፣ በ1993 ከውጭ ኦክሲጅን ማስገባት ግድ ሆነ።

እንግዲህ ሕይወት ያለበትን ዕቃ የሚያሽግ ሁሉ፣ ጠማቂም ቢሆን ሊቅ፣ ከክዳኑ አስቀድሞ እስትንፋሱን ሊያስብ ይገባዋል።