ከዎል ስትሪት አጠገብ ስንዴ የዘሩት አግነስ ዴነስ

እ.አ.አ በ1982 አግነስ ዴነስ በኒው ዮርክ ከተማ ለሕዝብ እይታ የሚውል የጥበብ ሥራ እንዲያቀርቡ ተጋበዙ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጠበቀው አብዛኛውን ጊዜ ሐውልት ነው። እርሳቸው ግን ስንዴ ዘሩ።

ስፍራው የማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ ነበር። ለዓለም ንግድ ማዕከል መንትያ ሕንጻዎች መሠረት ሲቆፈር የወጣው አፈርና ድንጋይ በሃድሰን ወንዝ ዳር ተደልድሎ የተፈጠረ፣ ገና ያልተገነባበት መሬት ነው። ዎል ስትሪት ቅርብ ነው፤ ወደ ባሕሩ ለዞረ ደግሞ የነጻነት ሐውልት ይታያል። የመሬቱ ዋጋ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ይገመት ነበር።

ዴነስና ረዳቶቻቸው ድንጋዩንና ቆሻሻውን ለቀሙ፤ 200 የጭነት መኪና አፈር አስመጡ፤ 285 ትልሞችን በእጅ ቆፍረው ዘሩ፤ አፈርም መልሰው አለበሱት። ከአንድ ሄክታር በጥቂቱ የሚያንሰው ማሳ ለአራት ወራት ያህል ውሃ ሲጠጣ፣ ሲታረምና ከበሽታ ሲጠበቅ ቆየ። በነሐሴ ሲታጨድ ከ450 ኪሎ ግራም በላይ ስንዴ ተገኘ። አራት ኩንታል ተኩል ለገበሬ የሚያኮራ አዝመራ አይደለም። ሆኖም ምርቱ ለገበያ አልታሰበም። ዴነስ ሥራውን “የስንዴ ማሳ፦ ፍጥጫ” ብለው ሰየሙት። የተፋጠጡትም ገንዘብና እንጀራ ናቸው፤ በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉ መሬቶች በአንዱ ላይ ምግብ ማብቀል የሀብት ብክነትንና ረሃብን ጎን ለጎን ያሳያል ብለው ያምኑ ነበር። የደረሰውን ነዶ ከነሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎቹ የሚያሳዩት ፎቶግራፎች ዛሬም ተመልካችን ያስቆማሉ። ማሳው ግን የለም፤ ቦታው የመኖሪያና የቢሮ ሕንጻዎች ሰፈር ሆኗል። ከስንዴው ከፊሉ ስለ ዓለም ረሃብ በተዘጋጀ ዐውደ ርእይ 28 ከተሞችን ዞሯል።

ዴነስ በ1931 በቡዳፔስት ተወለዱ። ቤተሰባቸው ወደ ስዊድን ተሰደደ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በልጅነታቸው ግጥም ይጽፉ ነበር። አገር በተቀየረ ቁጥር ቋንቋ መቀየሩ ግን ወደ ሥዕል እንደገፋቸው ተናግረዋል። ሸራውም ብዙ አልቆየም፤ ጠበባቸው።

ምድርን ራሷን የሥራ ቁስ የሚያደርገው “ላንድ አርት” የተሰኘው ዘርፍ በአሜሪካ ሲጀመር ስማቸው የገነነው በረሃውን በከባድ ማሽን የቆፈሩ ወንዶች ናቸው። ማይክል ሃይዘር በኔቫዳ 240 ሺህ ቶን ያህል ድንጋይና አፈር አነሣ፤ ሮበርት ስሚዝሰን በ1970 በዩታ ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ግዙፍ የድንጋይ ጠመዝማዛ ሠራ። ዴነስ ከሁለቱም ቀድመው፣ በ1968 በኒው ዮርክ ግዛት ገጠር ሩዝ ዘርተው፣ ዛፎችን በሰንሰለት አስረው፣ ግጥሞቻቸውን መሬት ውስጥ ቀብረው ነበር። ለሥነ ምህዳር የቆመ የመጀመሪያው የጥበብ ሥራ ይህ ነው የሚሉ አሉ። ያም ሆኖ ዘርፉ በግዝፈት ሲለካ ስለኖረ የእርሳቸው ድርሻ የሚገባውን ያህል ሳይነገርለት ቆይቷል። በኒው ዮርክ ትልቁ የሥራዎቻቸው ዐውደ ርእይ የተከፈተው በ2019፣ በ88 ዓመታቸው ነው።

ከማሳው በተቃራኒ እንዲቆይ ታስቦ የተሠራው በፊንላንድ፣ ዩሎያርቪ አቅራቢያ የሚገኘው “የዛፍ ተራራ” ነው። የጠጠር ማውጫ በነበረ የተጎዳ መሬት ላይ ኮረብታ ተሠርቶ ከ1992 እስከ 1996 ድረስ 11 ሺህ ሰዎች 11 ሺህ ጥዶችን ተከሉበት። የአተካከሉ ንድፍ ከሱፍ አበባና ከአናናስ ጠመዝማዛ መስመሮች ጋር በሚዛመድ ሒሳባዊ ስሌት የወጣ ነው። ጫካው ለ400 ዓመታት እንዲጠበቅ ተወስኗል። እያንዳንዱ ተካይ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ የባለቤትነት ምስክር ወረቀት ተሰጥቶታል። ዛፉ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ ይችላል፤ ከቦታው መንቀል ግን አይፈቀድም፤ ተራራውንም መሸጥ አይቻልም።