ትኩሳትን መርምሮ ስለ መለየት



አባቶቻችን ሕመምን በምልክቱ ይሰይሙት ነበር። የሚያነደውን ንዳድ፣ ማጅራትን የሚገትረውን ማጅራት ገትር፣ ተሻለ ሲባል የሚመለሰውን ግርሻ አሉት። ስያሜው ራሱ የምርመራ መጀመሪያ ነው። ነገር ግን ሦስቱም በትኩሳት ስለሚጀምሩ፣ ግንባርን በመዳሰስ ብቻ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

የመካነ ሰላምን አገር ተመልከቱ። ቦረና ደጋ ነው፤ ዳርቻው ግን ወደ ዓባይ በረሓ ይወርዳል። ለሥራ ቆላ ወርዶ የተመለሰን ገበሬ፣ ወባ ከሳምንት በላይ በሰውነቱ ተሸሽጋ ቆይታ በደጋ ቤቱ ሳለ ትጥለዋለች። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ «ወዴት ሰንብተህ መጣህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህም ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. የዘለቀው የወባ ወረርሽኝ፣ በአገራችን እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወጥቶ ቆላ ያልወረደውንም ሰው አጠቃ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ታሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን በ1873 ዓ.ም. በአልጄሪያ የወባን ተሕዋስ በደም ውስጥ በማይክሮስኮፕ ካየ ወዲህ፣ ጥርጣሬን የምትቆርጠው አንዲት የደም ጠብታ ሆናለች። ቅማል የሚያስተላልፈውን የግርሻን ተሕዋስ የምታሳየውም ይህችው ጠብታ ናት።

እንግዲህ ትኩሳት ይዞት አእምሮው የሳተ፣ ትንፋሹ የፈጠነ፣ ውሃ መጠጣት የተሳነው በሽተኛ ቢገጥማችሁ «ብርድ ነው» ብላችሁ አታሳድሩት። ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት፤ እርሱ መናገር አይችልምና የሰነበተበትን ስፍራ እናንተ ንገሩለት።