አንድ ክር፣ ሦስት መውጫ፦ የአዝማሪው ቃል በማን እጅ ነው?

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. በጎጃም ላይ ሲነግሡ፣ የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመን፣ አዝማሪ የሚያስፈልገው ማሲንቆና ጉሮሮ ብቻ ነበር። ማይክሮፎን የለ፣ ስፒከር የለ። አድማጩ ግን ቃሉን አንድ በአንድ ይሰማ ነበር።

ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ አገር ነው፤ ሰዉ ወርቁን ከሰሙ ሥር መፈለግ ለምዷል። ወርቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በመላላትና በመጥበቅ ውስጥ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ይህቺ ልዩነት ካልተሰማች ቅኔው ሞተ ማለት ነው። የዚህን ቃል ጉልበት ጠላትም ያውቀው ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮችና ከባህታውያን ጋር አሳድዶ አስገድሏል።

ዛሬ አዝማሪውን የሚያሳድደው የለም፤ የሚውጠው ግን አለ። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ማሲንቆውና ድምፁ በአንድ ማይክ ገብተው፣ ከኪቦርዱ ጋር ተደበላልቀው በአንድ ስፒከር ይወጣሉ። እሱ ራሱን አይሰማም፣ ስለዚህ ይጮኻል። ሲጮህ ቃሉ ይበላሻል።

ችግሩ የማሲንቆ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ጊብሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ኢ.ኤስ. 345 ጊታር የሁለቱን ፒክአፕ ድምፅ ለየብቻ ወደ ሁለት ማጉያ እንዲሄድ አድርጎ ነበር። የእኛው ሙላቱ አስታጥቄም ክራርን ለማዘመን ብዙ ደክመዋል። ማሲንቆም ተመሳሳይ ትኩረት ይሻል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከቆዳው ላይ የሚለጠፍ ፒዬዞ ፒክአፕ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ከተሰካ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ቀጭኑ ጩኸት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የመግቢያ ተቃውሞው 1 ሚሊዮን ኦም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፕሪአምፕ ያስፈልጋል። ከእሱ ሦስት መውጫ ይወጣል፦ አንዱ ወደ አዝማሪው ሞኒተር፣ አንዱ ወደ ሚክሰሩ፣ አንዱ ወደ መቅጃው።

ነገር ግን አንዱን ገመድ ለሦስት መሰንጠቅ ጥበብ አይደለም። አንዱ ጃክ ሾርት ሲያደርግ ሦስቱም ዝም ይላሉ። እያንዳንዱ መውጫ የራሱ ትንሽ ማጉያና የራሱ የድምፅ መቆጣጠሪያ ይኑረው። ወደ ሚክሰሩ የሚሄደው ረጅም ገመድ ባላንስድ ይሁን፤ በመካከሉ ትራንስፎርመር ከገባ ደግሞ ከመብራቱ የሚመጣው ጉርምርምታ ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው መውጫ ነው። የሞኒተሩ መቆጣጠሪያ በአዝማሪው እጅ ሲሆን፣ ባለሙያው ሚክሰሩን እንዳሻው ቢያዞር እንኳ አዝማሪው ራሱን መስማቱን አያጣም። ራሱን የሚሰማ አዝማሪ አይጮህም፤ የማይጮህ አዝማሪ ደግሞ የሚላላውን አላልቶ፣ የሚጠብቀውን አጥብቆ ይናገራል።

በግብር አዳራሽ የነበረው ይኸው ነበር። ማሽኑ የሚጠበቅበት አዲስ ነገር መጨመር አይደለም፤ የወሰደውን መመለስ ነው።