ብርሃን የሚጠብቀው ምስጢር

ባለፈው ሰሞን ከተማሪዎቼ አንዱ፣ «ዶክተር፣ ሊጠለፍ የማይችል መልእክት አለ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ከየት እንደመጣ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻኝም። ጥያቄው ግን መልስ ይገባዋልና፣ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ከታሪኩ ልነሣ።

የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ በእንግሊዝ ታስራ ሳለ ከደጋፊዎቿ ጋር በምስጢር ጽሕፈት ትጻጻፍ ነበር። የመንግሥት ሰላዮች ደብዳቤዎቿን በመንገድ እየከፈቱ፣ ምልክቶቹን እየፈቱ፣ መልሰው እያሸጉ ይልኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1587 አንገቷ ተቀላ። ለዚህ ያበቃት የምልክቶቹ መፈታት ብቻ ሳይሆን ደብዳቤዋ መነበቡን የምታውቅበት ዘዴ አለመኖሩም ነው።

ለዚህ ችግር አዲስ መልስ የመጣው ከፊዚክስ ነው። ስቲቨን ዊዝነር የተባለ ወጣት ተመራማሪ በ1970 ገደማ፣ የኳንተም ሕግ ሐሰተኛ ገንዘብን ሊከላከል እንደሚችል ጻፈ። ጽሑፉ የታተመው ግን በ1983 ነበር። በሐሳቡ የተመሰጡት ቻርልስ ቤኔትና ዢል ብራሳርድ በ1984 በሕንድ ባንጋሎር በተደረገ ጉባኤ የራሳቸውን ዘዴ አቀረቡ።

ዘዴው የሚልከው መልእክቱን ሳይሆን የመልእክቱን ቁልፍ ነው። ላኪው አንድ አንድ የብርሃን ቅንጣት፣ ማለትም ፎቶን፣ ይልካል፤ የሚርገበገብበትን አቅጣጫም ከሁለት ሥርዓቶች በአንዱ በዕጣ ይመርጣል። ጠላፊው የትኛው እንደተመረጠ ስለማያውቅ ሲለካ ይሳሳታል፤ የለካውንም ያዛባል። ላኪና ተቀባይ ከቁልፉ ጥቂቱን በግልጽ ሲያስተያዩ ስሕተቱ ከልክ ካለፈ፣ ቁልፉን ይጥሉታል። ሜሪ ያጣችው ይህንን ማስጠንቀቂያ ነበር።

የ1989ኙ የመጀመሪያ ሙከራ ከሠላሳ ሳንቲሜትር ብዙም አልዘለለም። በ2017 ግን የቤይጂንግና የቪየና ሳይንቲስቶች ሚሲየስ በተባለችው ሳተላይት አማካይነት በተገኘ ቁልፍ ተጠብቀው በቪዲዮ ተነጋገሩ።

እንግዲህ ተማሪዬ እፎይ ይበል? አይቸኩል። በዚያ ንግግር የሁለቱንም ወገን ቁልፍ ሳተላይቷ ታውቅ ነበር። ከቤይጂንግ እስከ ሻንጋይ በተዘረጋው 2,000 ኪሎ ሜትር መስመርም ቁልፉ በየመቀባበያ ጣቢያው ይገለጣል። ጣቢያውን የያዘ ምስጢሩን ያዘ ማለት ነው። በ2010 ደግሞ ተመራማሪዎች መቀበያ መሣሪያዎችን በኃይለኛ ብርሃን በማደናገር ቁልፉን ያለ ዱካ መውሰድ እንደሚቻል አሳዩ። ሕጉ አልተሻረም፤ የሰው እጅ የሠራው መሣሪያ ግን ተታለለ።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ፊዚክስ ደብዳቤህ በመንገድ ላይ መከፈቱን ሊነግርህ ይችላል። በጣቢያው በር የቆመው ሰው ለማን እንደሚታዘዝና ማን እንደሚጠይቀው ግን አይነግርህም። ያ የሕግና የተጠያቂነት ጉዳይ ነው። ግድግዳ ጆሮ እንዳለው አባቶቻችን ነግረውናል፤ የጆሮው ባለቤት ማን እንደሆነ የመጠየቅ ፈንታ ግን የእኛ ነው።

ቸር እንሰንብት።