በሬው ይፈታል፣ ሐኪሙስ?

ከሮብ ገበያ ወይም ከደብረ ኤልያስ ተነስቶ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ታክሞ የተመለሰ ሰው ስለ ሐኪሙ ሁለት ዓይነት ወሬ ይዞ ይመጣል። አንዱ «እጁ መድኃኒት ነው» ይላል። ሌላው «ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም» ይላል። እኛን የሚገርመን ሁለቱም ስለ አንድ ሐኪም ሊሆን መቻሉ ነው። ልዩነቱ ታካሚው ሐኪሙን ያገኘው በተረኝነቱ ስንተኛ ሰዓት ላይ ነው የሚለው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነገር ፈረንጅ ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ነጻ ክሊኒክ ሲያገለግል ባልደረቦቹ እንደ ጧፍ ቀልጠው ሲያልቁ አየና «በርንአውት» አለው። ክርስቲና ማስላክ በ1981 መለኪያ አበጀችለት፤ የስሜት መዛል፣ ታካሚን እንደ ዕቃ ማየት፣ «ምንም አልፈየድኩም» ማለት። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2019 በሽታ ሳይሆን ከሥራ ቦታ የሚመነጭ ክስተት ነው ብሎ መዘገበው። ይቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ትያዝልን።

ወደ አገራችን ስንመጣ ታሪኩ የሚጀምረው ከሰው እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የጤና ኮሌጅ ሲከፈት ሐሳቡ አንድ ሐኪም ሁሉን ይሥራ የሚል አልነበረም። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በቡድን ተመድበው አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲያግዝ ነበር። ጎጃሜ ይህን በማሳው ላይ ያውቀዋል፤ ወንፈል ይለዋል።

ከዚያ በኋላ ግን የታካሚው ቁጥር ባለሙያውን ጥሎት ሮጠ። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በምሥራቅ ጎጃም ብቻ ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አገኘ። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ የጎጃሟ ደቡብ አቸፈር ነበረች። መድኑ መልካም ነገር ነው፤ በገንዘብ እጦት ቤቱ ይተኛ የነበረ ገበሬ ታከመ። የመጣውን ሰው የሚቀበለው ግን ያው ነርስ፣ ያው ሐኪም ነው።

መንግሥት ችግሩን ጨርሶ አላየም አንልም። ቢፒአር መጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ የሚል መርሕ ተነደፈ። ሥልጠና ተሰጠ፣ ፖስተር ተለጠፈ። ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረን ሰው ሩኅሩኅ ሁን ማለት ምን ማለት ነው? ርኅራኄም እኮ እንቅልፍ ይፈልጋል።

ባለሙያዎቹ በራሳቸው መንገድ መለሱ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ኢንተርኖችና ሐኪሞች በየከተማው ሰልፍ ወጡ። ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረ፤ በርካቶችም ታሰሩ። በጎጃም በኩል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግጭቱ ተጨመረበት። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቱም፣ አምቡላንሱም፣ ተረኛውን የሚተካው ሰውም አይደርስም።

ታዲያ ምን ይበጃል? ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 አንዲት የ18 ዓመት ወጣት ሆስፒታል ገብታ በሰዓታት ውስጥ ሞተች፤ የተለማማጅ ሐኪሞች ድካም የአደባባይ ጉዳይ ሆነ። ግዛቷ በ1989 የሳምንት ሥራቸውን በ80 ሰዓት ገደበች፤ በ2003 ገደቡ ለመላው አሜሪካ ሆነ። በ2017 ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን ላይ የታተመ የጥናቶች ዳሰሳም ሐኪሙን ብቻ «ጠንክር» ብሎ ከማሠልጠን ይልቅ የሥራ ቦታውን አደረጃጀት መለወጥ የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳየ።

የእኛም ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጤና መኮንኖች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ በማስተርስ ይሠለጥናሉ። ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ እንዲህ ያለ ባለሙያ ካለ፣ ምጥ የጠናባት እናት ደብረ ማርቆስ ድረስ ሪፈር አትባልም፤ እዚያ ያለው ስፔሻሊስትም ሌሊት አይቀሰቀስም።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ለውጦችም አሉ። የተረኝነት ሠሌዳን ቀደም ብሎ መለጠፍ፣ ያደረን ሰው ጠዋት ወደ ቤቱ መሸኘት፣ ጎን የሚያሳርፍ ንጹሕ ክፍል ማዘጋጀት፣ ጤና ጣቢያ የሚጨርሰውን ሕክምና እዚያው ማስጨረስ፣ የፎርሙን ሥራ ለጸሐፊ መስጠት። እነዚህ የደመወዙን ጥያቄ አይተኩም። የቤት ኪራይ የሚያሳስበው ሰው ቢተኛም አያርፍም።

የጎጃም ገበሬ ፀሐይዋ ስትበረታ በሬውን ይፈታል። ለበሬው አዝኖ ብቻ አይደለም፤ ነገም እንደሚያርስ ስለሚያውቅ ነው። ሆስፒታሎቻችንም ነገ ታካሚ አላቸው።